የአሸዋ ድንጋይ በተጠባባቂነት የተመደበበት ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በ14ኛው ቀን
ሰዓት፦ ለ3፡00 ተጠርቶ ከጠዋቱ 3፡40 የተጀመረ
ቦታ፦ የካርታ ሥራ ክፍል አዳራሽ። ይሁንና አዳራሹ በድንጋይ ሳጥን በመሞላቱ ስብሰባው የተካሄደው ኮሪደሩ ጫፍ ባለው የፎቶ ኮፒ ክፍል ነው።

የተገኙ፦
1. የካርታ ሥራ ክፍል ኃላፊ፣ ሰብሳቢ
2. የሰሜን ቁፋሮ ቡድን መሪ፣ አባል
3. የምሥራቅ ቁፋሮ ቡድን መሪ፣ አባል (የሰሜኑ ቡድን መሪ የእህት ባል)
4. የቅሪተ አካል ባለሙያዋ ዶክተር፣ አባል
5. የናሙና መጋዘን ኃላፊው፣ ለማብራሪያ የተጠሩ፣ ድምፅ የሌላቸው
6. የማኅደር ክፍል ሠራተኛ፣ መደበኛዋ ጸሐፊ ፈቃድ በመውጣቷ ሳትጠየቅ በጸሐፊነት የተመደበች

ያልተገኙ፦ የደቡብ ቁፋሮ ቡድን መሪ። መኪናቸውን ድንጋይ መትቷት መንገድ ላይ መቅረታቸውን በስልክ አሳውቀዋል። ድንጋዩ የየትኛው ዘመን እንደሆነ አልገለጹም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከአምስት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ተሟልቷል። ወንበር ግን ባለመሟላቱ የመጋዘን ኃላፊው ቆመዋል።

አጀንዳ 1፦ በሰሜንና በምሥራቅ ጉድጓዶች የተገኙትን የጁራሲክ ዘመን የደለል አለት ንብርብሮች ማነጻጸር

ሰብሳቢው ሃያ ሁለት ደቂቃ በፈጀ አጭር ንግግራቸው፣ የሁለቱ ጉድጓዶች ንጽጽር በአንድ ሥዕል ተሠርቶ እስከ ቀኑ 6፡00 ዋና ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ እንዳለበት አሳስበዋል። ችግሩም እንዲህ ነው። በሰሜን ከታች የአሸዋ ድንጋይ፣ ከመሃል የኖራ ድንጋይ፣ ከላይ የጭቃ ድንጋይ ተገኝቷል። በምሥራቅ ደግሞ ጭቃው ታች፣ አሸዋው ላይ ነው። የኖራ ድንጋዩ በሁለቱም ቦታ መሃል መሆኑ ሁሉንም ስላስማማ ማንም ሊወያይበት አልፈለገም።

የሰሜን ቡድን መሪ፣ ከታች የተኛ ድንጋይ ምንጊዜም ታላቅ ስለሆነ የምሥራቁ አሸዋ ወደ ቦታው እንዲወርድ ጠይቀዋል። የምሥራቅ ቡድን መሪ፣ ድንጋይ በደብዳቤ አይወርድም ካሉ በኋላ፣ አማቻቸው ሰውን ታች ማድረግ የጀመሩት ዛሬ ሳይሆን ከሠርጋቸው ዕለት አንስቶ መሆኑን ለጉባኤው አስረድተዋል። ሰብሳቢው የቤተሰብ ጉዳይ አጀንዳ እንዳልተያዘለት ሲያስገነዝቡ፣ የሰሜኑ መሪ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይያዝለት እንደኖረ ተናግረዋል።

ዶክተሯ፣ ውሃ ውስጥ ቀድሞ የሚዘቅጠው ሻካራው አሸዋ፣ በኋላ የሚዘቅጠው ደቃቁ መሆኑን አብራርተዋል። በምሥራቁ ናሙና ግን በእያንዳንዱ ንብርብር ደቃቁ ታች፣ ሻካራው ላይ ነው። ይህ የሚሆነው ባሕሩ በአናቱ ተዘቅዝቆ ከነበረ ብቻ ነው ብለዋል። ሰብሳቢው ይህ መጣራት አለመጣራቱን ጠይቀዋል። የምሥራቁ መሪም «በኛ በኩል የማይሆን ነገር የለም» ሲሉ መልሰዋል።

በዚህ ጊዜ የመጋዘን ኃላፊው እጃቸውን አነሱ። ድምፅ የሌለው ሰው እጅ ማንሳት እንደማያስፈልገው ተገልጾላቸው አወረዱ።

ሰብሳቢው፣ ለሰላም ሲባል አሸዋው ታችም ላይም ሳይሆን መሃል ይቀመጥ የሚል የማስታረቂያ ሐሳብ አቀረቡ። ዶክተሯ መሃሉ በኖራ ድንጋይ የተያዘ መሆኑን አስታወሱ። የኖራ ድንጋዩን ማን ያስነሳል በሚለው ላይ ሰፊ ክርክር ተደርጓል።

ከረዥም ውይይት በኋላ፦ የሰሜኑ ቅደም ተከተል ትክክል እንዲሆን፣ የምሥራቁም ትክክል እንዲሆን፣ የምሥራቁ አሸዋ ድንጋይ ትክክለኛ ቦታው እስኪጣራ ድረስ ከላይ ሆኖ በተጠባባቂነት እንዲያገለግል በሦስት ድምፅ ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። የተቃወሙት ዶክተሯ ናቸው። ጸሐፊዋ ድንጋይ በተጠባባቂነት ሲመደብ ስትመዘግብ የመጀመሪያዋ ነው።

አጀንዳ 2፦ ለተፈጠረው ልዩነት ተጠያቂ መፈለግ

የምሥራቅ ቡድን መሪ፣ ናሙናቸው ከቁፋሮው ቦታ ሲወጣ ደህና እንደነበር፣ ስለዚህ የተገለባበጠው መጋዘን ገብቶ እንደሆነ ተናገሩ። የሰሜኑ መሪ ወዲያው ደገፏቸው። አማቾቹ ከጠዋት ጀምሮ ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ዶክተሯ «ይኼ እኮ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው!» አሉ። ሰብሳቢው፣ አህያው ማን እንደሆነ በስም ስላልተገለጸ አባባሉ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ አዘዋል። እንዲሰረዝ መታዘዙ ተመዝግቧል።

የመጋዘን ኃላፊው ሁለተኛ ጊዜ እጃቸውን አነሱ። ተከሳሽ በራሱ ጉዳይ ላይ ቢናገር ገለልተኛ ሊሆን እንደማይችል ተነገራቸው።

በመሆኑም ሠላሳ አንድ ዓመት በመጋዘኑ ያገለገሉትና ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር የቀራቸው ኃላፊ ቁልፋቸውን አስረክበው፣ ቀሪውን ጊዜ በር ላይ የመኪና ታርጋ እየመዘገቡ እንዲጨርሱ በሦስት ለአንድ ተወሰነ። ኃላፊው ቁልፎቹን ከቀበቷቸው ፈትተው ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ አኖሩ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አጥብቃ በመጫኗ ወረቀቱ ስለተቀደደ እዚህ ላይ አንድ መስመር ተበላሽቷል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

የመጋዘን ኃላፊው፣ ንግግር የተከለከሉ ቢሆንም ርክክብ እንዳልተከለከሉ ጠቅሰው ለሚተካቸው ሰው አንድ ነገር ለማስረከብ ጠየቁ። ተፈቀደ። ያሉት ቃል በቃል ይህ ነው፦

«የሰሜን ልጆች ሳጥን ላይ የሚስሉት ቀስት ሽቅብ ነው፣ የመሬቱ ገጽ በየት በኩል እንደሆነ ያሳያል። የምሥራቆቹ ቀስት ቁልቁል ነው፣ መሰርሰሪያው የሄደበትን ያሳያል። ቀስት ብቻ አይቶ የደረደረ ሰው ምሥራቅን በአናቱ ይተክለዋል። እኔ ሳጥኖቹን አልነካሁም፤ አዳራሹ ውስጥ የደረደራችሁት እናንተ ናችሁ። መዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ።»

መዝገቡ መጣ። ማስጠንቀቂያው ከዘጠኝ ዓመት በፊት በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። ከሥሩ «አንብቤ ተረድቻለሁ» የሚል አለ። ከዚያ በታች የተገኙት አባላት በሙሉ ፊርማ አለ፣ የዶክተሯም ጭምር።

የምሥራቁ መሪ «ታዲያ መሰርሰሪያ ወደ ታች አይደል የሚሄደው? ሽቅብ የሚቆፍር ማን ነው?» ቢሉም ድምፃቸው ቀንሶ ነበር። ዶክተሯ የምሥራቁን ሥዕል ገልብጠው ከሰሜኑ ጎን ዘረጉት። ሦስቱም ንብርብሮች አንድ በአንድ ገጠሙ፤ ሻካራውም አሸዋ ታች ሆነ። የተዘቀዘቀው ጽሑፉ ብቻ ነው።

ጉባኤው፣ ቁልፉ እንዲመለስና አባላቱ ሳያነቡ መፈረማቸውን የሚገልጽ የይቅርታ ደብዳቤ ለመጋዘን ኃላፊው እንዲጻፍ፣ ግልባጩም ለዋና ዳይሬክተሩ እንዲደርስ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ጸሐፊዋ ይህን ስትጽፍ ደስ ብሏታል።

ማጠቃለያ

ሰብሳቢው ውሳኔው ተነብቦላቸው «ግልባጭ ለዋና ዳይሬክተሩ» የሚለው ላይ ሲደርስ ከረባታቸውን አላሉ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ካሉ በኋላ፣ ንብርብሮቹ መጀመሪያም ያልተለያዩ ስለሆነ ስብሰባው ምክንያት እንዳልነበረው፣ ምክንያት በሌለው ስብሰባ የተወሰነም ሊጸና እንደማይገባ አስረዱ። አማቾቹ ደገፉ። ዶክተሯ ተቃወሙ።

ስለዚህ ከ1 እስከ 3 የተላለፉት ውሳኔዎች በሙሉ እንዳልተላለፉ እንዲቆጠሩ በሦስት ለአንድ ተወሰነ። ጸሐፊዋ ይቅርታውም ይጨምር እንደሆነ ጠየቀች። «ሁሉም ማለት ሁሉም ነው» ተባለች። በዚህም መሠረት የአሸዋ ድንጋዩ ከተጠባባቂነቱ ተነሥቷል፤ ቁልፉ እንዳልተወሰደ ተቆጥሮ ተመልሷል፤ ይቅርታው ቀርቷል።

የመጋዘን ኃላፊው አስተያየት እንዳላቸው ተጠይቀው፣ ታች ሁለት ሾፌሮች የናሙና ሳጥን ጭነው እየጠበቋቸው መሆኑን ብቻ ተናገሩ። ስብሰባው ከቀኑ 6፡05 ተበተነ።

የጸሐፊዋ ማስታወሻ፦ ከተበተነ በኋላ ጸሐፊዋ መዝገቡን ልትመልስ መጋዘን ስትወርድ የምሥራቅ ቡድን መሪ ቀድመዋት በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በሰው ፊት አዋረድኩዎት። ይቅር ይበሉኝ» አሏቸው የመጋዘን ኃላፊውን። ሽማግሌውም «ይቅር ለእግዜር» አሉ፤ ትከሻቸውንም ያዝ አድርገው ወደ ውስጥ አስገቧቸው። ይህ በድምፅ ያልተወሰነ በመሆኑ ሊሻር አልቻለም።