ይሄ ደግሞ ለምን ይበራል?

በየሥራ ቦታው የሌላው ደስታ የሚከብደው አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው ሚስተር አምብሮዝ ታክዌል ነበሩ፤ ክቡር የክብደት ሹም።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ በዓመቱ፣ እንግሊዝ አገር ኬንት ውስጥ አንድ ትልቅ መጋዘን ገብተን፣ ቦምብ ጣይ የነበረውን ድርብ ክንፍ አውሮፕላን መንገደኛ እንዲጭን አድርገን እንደ አዲስ እንሠራ ነበር። እኔ ከሴቶቹ ጋር ክንፉን ጨርቅ አለብሳለሁ። ጨርቁን የሚወጥረው ቫርኒሽ ከረሜላ ከረሜላ እየሸተተ ያዞረናልና፣ ቀኑን ሙሉ ግማሻችን ሕልም ውስጥ ነን። ከሕልማችን የሚቀሰቅሱን እሳቸው ናቸው። ሚዛናቸውን ታቅፈው ይመጡና «ይሄ ደግሞ ለምን ይበራል?» ይላሉ፤ አውሮፕላኑ ላይ ተጭኖ ምን ሊያደርግ ለማለት።

መጋረጃው ለምን ይበራል? ትራሱስ? የበሩን እጀታ እንኳ ሰባት ቦታ አስበሱት። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ከክንፉ ላይ የተረፈ የክር ጫፍ ይዘው መጡ።

«ሚስ ፔግለር፣ ይሄ ክር እኮ አንድ ዝንብ ያህል ይከብዳል!»

«ዝንቡንም መዘኑት እንዴ?»

አልሳቁም። ሳቅም ሳይከብዳቸው አይቀርም።

ግን እውነታቸውን ነበር። ሐሙስ የአውሮፕላኑ ገዢዎች ይመጣሉ፤ አውሮፕላኑ ስምንት ሰው ጭኖ ከሜዳው ዳር ያሉትን ዛፎች ካልዘለለ፣ መጋዘኑ ይዘጋል፣ እኛም ሜዳ ላይ እንወድቃለን።

ስምንቱ መንገደኞች ከሠራተኛው በዕጣ ወጡ፤ ለእሳቸውም ደረሳቸው። ሐሙስ ዕለት አዲስ ክራቫት አስረው በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። ፊታቸው እንደዚያ ሲፈካ አይቼ አላውቅም።

«ነፋስ የለም» አለ አብራሪው፤ «እንዲህ ከብዶማ አይነሳም።»

ሚስተር ታክዌል ቦርጫቸውን ቁልቁል አዩት።

«ይሄ ደግሞ ለምን ይበራል?» አሉና ወረዱ። «ሚስ ፔግለር፣ ነይ ግቢ። መዝኜሻለሁ፤ የኔ ግማሽ ነሽ።»

ዛፎቹን ለጥቂት አለፍናቸው። ከዚያ ደመናው ዋጠን፤ ሞተሩ እያጓራ እንኳ ዓለም ሁሉ የተኛ መሰለኝ። መስኮቱን ከፍቼ እጄን ወደ ደመናው ሰደድኩ።

ስንወርድ ገዢዎቹ ውሉን እየፈረሙ ነበር። ሚስተር ታክዌል ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እንደ ሕፃን እያፈሩ ተጠጉኝ።

«ደመናው... ይከብዳል?»

«ምንም አይከብድም፣ ሚስተር ታክዌል።»

ደመናው ያራሰውን እጅጌዬን ከጀርባዬ ደበቅሁ፤ አንድ እንኳ የማይከብዳቸው ነገር ይኑራቸው ብዬ።