መጥበሻውን ከሰርካለም ዋይፋይ ጋር ለማገናኘት የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቦታ፦ መሐል ሜዳ፣ የጸሐፊዋ መኖሪያ ቤት። ጸሐፊዋ ስብሰባው እሷ ቤት መሆኑን ያወቀችው ተሰብሳቢዎቹ መጥበሻውን ይዘው በር ሲያንኳኩ ነው።

ሰዓት፦ ለአራት ተጠርቶ አምስት ተኩል ላይ ተጀመረ።

የተገኙ፦
አቶ ጌጡ፣ የላይ ሰፈር መረዳጃ እድር ሰብሳቢ
መምሬ ኪዳነ፣ የእድሩ አማካሪ
አቶ መኳንንት፣ የሕግ ጉዳይ ኃላፊ (ሕግ አልተማሩም፤ ነገር ግን አንድ የድንበር ክርክር ይዘው ሦስት ዳኛ ጡረታ አስወጥተዋል)
ወይዘሮ ወለተኪዳን፣ የእድሩ ዕቃ ጠባቂ
ሰርካለም፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ በኃይሉ። መጥበሻውን ለእድሩ ያበረከቱት፣ ሲሠራም በዓይናቸው ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ደብረ ብርሃን ሄደዋል፤ ስልካቸው ዝግ ነው።

ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልአተ ጉባኤው ተሟልቷል። ጸሐፊ ከቁጥር እንደማትገባ ሰብሳቢው ገልጸዋል።

መምሬ ኪዳነ በጸሎት ከከፈቱ በኋላ ሰብሳቢው የስብሰባውን ምክንያት አስረዱ። የእድሩ ዓመታዊ ግብዣ ዛሬ ከሰዓት ነው። በጎቹ ታርደው ተሰቅለዋል። እንግዶች ሥጋውን የሚበሉት ስማርት ግሪል በተባለው አዲስ የኤሌክትሪክ መጥበሻ ተጠብሶ ነው ተብሎ ለሰፈሩ ተለፍፏል። መጥበሻው ግን ሶኬት ላይ ቢሰካም አይግልም፤ በስልክ ካልታዘዘና የቤት ዋይፋይ ካላገኘ ንክች አይልም። በሰፈሩ ዋይፋይ ያለው ደግሞ እዚህ ቤት ብቻ ነው።

ወይዘሮ ወለተኪዳን ሥጋው በድስት ቢጠበስስ ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጪ ነው ተብሎ ታልፏል።

ጸሐፊዋ ለመናገር እጇን አወጣች። ሰብሳቢው በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ጸሐፊ የምትጽፍ እንጂ የምትናገር እንዳልሆነች፣ ደግሞም ዝም አይነቅዝም እንደሚባል አስታወሷት።

አጀንዳ አንድ፦ ስለ ስምምነቱ

በሰብሳቢው ስልክ ላይ የመጥበሻው አፕ ሲከፈት ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ፤ ከግርጌው «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ አለው። ሰብሳቢው ሊጫኑት ሲሉ አቶ መኳንንት በሕግ አምላክ ብለው እጃቸውን ያዙ። አባታቸው አንድ ያልተነበበ ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው የገብስ ማሳቸው ግማሽ ወደ ጎረቤት እንደዞረ ገለጹ። ውል ያለ ሦስት ምስክርና ያለ ዋስ እንደማይጸና፣ ከመጥበሻው ወገን ያለው ተዋዋይም በአካል ቀርቦ መፈረም እንዳለበት አስረዱ።

ጸሐፊዋ ጽሑፉን እየተረጎመች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንድታነብ ታዘዘች። ለማንበብ ድምፅ እንዳላት፣ ለመናገር ግን እንደሌላት ተብራርቶላታል። አነበበች። ሰብሳቢው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአፍንጫቸው እያጀቡ፣ እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳምጠዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሦስት ምስክሮች በአንድነት ጣታቸውን አኑረው እንዲጫኑት ተወሰነ። ስልኩ ሦስት ጣት አልቀበልም አለ። ወይዘሮ ወለተኪዳን የስልኩን ፊት ከቅባት ሊያጸዱ በነጠላቸው ጠረግ ሲያደርጉት ተጫነ። አቶ መኳንንት በነጠላ የተሰጠ ስምምነት በሕግ ፊት እንደማያስገድድ እንዲመዘገብላቸው ጠየቁ። ተመዝግቧል።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ ስም

አፑ በመቀጠል ለመጥበሻው ስም እንዲወጣለት ጠየቀ። ሰብሳቢው አያታቸው በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደነበር አንስተው፣ መጥበሻውም የፈረስ ስም ይገባዋልና «አባ ፍሕም» ይባል አሉ። አቶ መኳንንት ፍሕም የማያውቀውን ዕቃ ፍሕም ብሎ መጥራት በሐሰት መመስከር ነው ሲሉ ተቃወሙ። መምሬ ኪዳነ የክርስትና ስም እስካልሆነ ድረስ በስሙ ቅሬታ የላቸውም። የእሳቸው ስጋት ሌላ ነው። አሁን በሃምሳው ውስጥ ስላለን ግድ የለም፤ ከዚያ በኋላ ግን ከሩቅ የሚታዘዝ መጥበሻ ረቡዕና ዓርብ ቢግል ኃጢአቱ በማን ላይ ነው? በባለ ስልኩ ወይስ በባለ ዋይፋዩ?

ባለ ዋይፋይዋ ጸሐፊ ናትና አልመለሰችም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ስሙ አባ ፍሕም እንዲሆን፣ ኃጢአቱም ለጊዜው ለአቶ በኃይሉ እንዲያዝ ተወሰነ።

ጸሐፊዋ ለሁለተኛ ጊዜ እጇን አወጣች። ሰብሳቢው ውኃ ላምጣላችሁ ያለች መስሏቸው መረቁዋት። ውኃ አመጣች።

አጀንዳ ሦስት፦ ስለ ዋይፋዩ

አባ ፍሕም ዋይፋዩን እንዲይዝ ተሞከረ። በስልኩ ላይ ያለችው ክብ ነገር ብዙ ዞረች። መምሬ ኪዳነ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው አጽናኑ። «ማገናኘት አልተቻለም» የሚል መጣ። እንደገና ተሞከረ፤ እንደገና ያው።

ጸሐፊዋ ምክንያቱን በጽሑፍ እንድታቀርብ ተፈቀደላት። አቀረበች፦ ዋይፋዩ የሚችለው ውስን ስልክ ነው፤ አሁን ሞልቷል። ፓስወርዱን በጥምቀት ዕለት ለወይዘሮ ወለተኪዳን ብቻ በአደራ ሰጥታ ነበር። ዛሬ ግን እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ የማያውቀው የለም።

ወይዘሮ ወለተኪዳን ለእህታቸው ብቻ እንደነገሩ ተናገሩ። ሰብሳቢው ከእህትየዋ እንደሰሙ አልካዱም። አቶ መኳንንት ደግሞ የነገሯቸው መምሬ ኪዳነ መሆናቸውን ጠቁመዋል። መምሬ ኪዳነ እሳቸው የሚከፍቱት ቅዳሴ ለመስማት ብቻ እንደሆነ ሲያስረዱ፣ ከቀሚሳቸው ኪስ ስለ አንድ አጥቂ ዝውውር የሚተነትን የኳስ ጋዜጠኛ ድምፅ ተሰማ። ጉባኤው እንዳልሰማ ሆኖ አልፏል።

በዚህ ጊዜ ሰብሳቢው ተነሥተው ረጅም ንግግር አደረጉ። ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ፣ ሁሉም መንጋውን የለቀቀበት መስክ መራቆቱ እንደማይቀር፣ አባቶች የጓሳን የግጦሽ መስክ ያቆዩት ሣሩ ሲጎዳ ዘግተው በማስጠበቅ እንደሆነ አስረዱ። ስለዚህ የሰርካለም ዋይፋይም እስኪያገግም ለሦስት ዓመት ይዘጋ፤ ከአባ ፍሕም በቀር ማንም አይሰማራበት፤ ገብቶ የተገኘ አንድ ሙክት ይቀጣ አሉ።

ወይዘሮ ወለተኪዳን ዋይፋይ እንደ ሣር ያገግማል ወይ ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው የማያገግም ነገር እግዜር አልፈጠረም አሏቸው። አቶ መኳንንት የቤቱ ባለቤትስ እንዴት ትታያለች የሚል ጥያቄ አነሱ። ጸሐፊዋ ቀና አለች። እሳቸው ግን ለራሳቸው ሲመልሱ፣ ጓሳ ዳር ቤት ያለው ሰውም በክልከላ ጊዜ በጉን ያስራል፤ ሕግ ለጎረቤት አያዳላም አሉ።

ጸሐፊዋ ለሦስተኛ ጊዜ እጇን አወጣች፤ ድምፅ ለመስጠት ከወጡት አራት እጆች ጋር ተቀላቅሎ አልታየላትም። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ። ሰብሳቢው ክልከላው ከዚህች ሰዓት ጀምሮ የጸና ነው ብለው ወደ ራውተሩ ሄዱና ገመዱን ከሶኬቱ ነቀሉ። አባ ፍሕም አሁን በምን እንደሚገናኝ የጠየቀ አልነበረም።

እዚህ ላይ ጸሐፊዋ መጻፏን አቁማ ቆመች። ያለችው ቀጥሎ ያለው ነው።

«ጋሼ ጌጡ፣ ስምንት ሰዓት ላይ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለኝ። በቪዲዮ ነው፣ በዚሁ በነቀሉት። ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ያላመለከትሁበት መሥሪያ ቤት የለም፤ የጠራኝ ይሄ አንዱ ብቻ ነው።»

ወይዘሮ ወለተኪዳን እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሰዓቱ ሰባት አልፏል።

«ታዲያ ልጄ፣ ከጧት ጀምሮ ለምን አልነገርሽንም?» አሉ ሰብሳቢው።

ጸሐፊዋ እጇን ሦስት ጊዜ ማውጣቷንና ሦስቱንም ጊዜ የሆነውን ቆጥራ ነገረቻቸው። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ምርቃቱ ጋ ስትደርስ አቀረቀሩ። ማፈራቸው በግልጽ ታይቷል። ጸሐፊዋ ይህን በመጻፏ ደስ ብሏታል።

«ዋይፋዩን አይደለም የዘጋሁት» አሉ። «አንቺን ነው።»

ገመዱን ራሳቸው ጎንበስ ብለው መልሰው ሰኩት። ሲነሡ ወገባቸውን ይዘው ነበር።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

በሰብሳቢው አቅራቢነት፣ በዚህ ስብሰባ ከአጀንዳ አንድ እስከ ሦስት የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። በነጠላ የተሰጠው ስምምነት ተሰርዞ አፑ ከስልኩ እንዲጠፋ፤ አቶ መኳንንት ዕድሜ ልካቸውን ተሟግተው እንደዚህ እንዳልቀናቸው ገልጸዋል። አባ ፍሕም ስሙን መልሶ፣ አቶ በኃይሉ እስኪመጡ ሳጥኑ ውስጥ እንዲገባ፤ ኃጢአቱም ከአቶ በኃይሉ እንዲነሣ። የሦስት ዓመቱ ክልከላና የሙክቱ ቅጣት እንዲቀር። ሥጋው በድስት እንዲጠበስ፤ ወይዘሮ ወለተኪዳን ይህን ሐሳብ ጧት ያቀረቡት እሳቸው መሆናቸው በጉልህ እንዲጻፍላቸው አሳስበዋል። ወይዘሮ ወለተኪዳን ናቸው ያቀረቡት።

አባላቱ ያለ ውሳኔና ያለ ክልከላ፣ በገዛ ፈቃዳቸው ስልካቸውን ከዋይፋዩ ለማውጣት ተስማሙ። እንዴት እንደሚወጣ የሚያውቅ ባለመኖሩ ጸሐፊዋ አንድ በአንድ አወጣችላቸው። ቀድመው ስልካቸውን የሰጧት መምሬ ኪዳነ ሲሆኑ፣ አጥቂው የት እንደተዛወረ ሳይሰሙ ቀርተዋል። ከዚያም እጃቸውን አናቷ ላይ ጭነው፣ ልሳንሽን ያርታው፣ በፈታኞችሽ ፊት ሞገስ ይስጥሽ ብለው መረቁዋት። ጸሐፊዋ አሜን ብላለች፤ ከልቧ ነው።

በመጨረሻም ጸሐፊ ድምፅ የላትም የሚለው የደንቡ አንቀጽ እንዲሻር ተደርጎ፣ ጸሐፊዋ ያላት ሐሳብ ካለ እንድታቀርብ ሰብሳቢው ጋበዟት።

ጸሐፊዋ አንድ ሐሳብ አቀረበች፦ «ሁላችሁም አሁኑኑ ከቤቴ ውጡልኝ።»

ሐሳቡ ያለ ረጅም ውይይት በሙሉ ድምፅ ጸድቆ፣ ስብሰባው ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ተበተነ።