ጠያቂ ይውጣ

እኛ ሰዎች ታመንም ደህና ነን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን እንተርታለን፤ ደብቁ ብትሉን ግን እኛን የሚያህል የለም። በሽተኛ ልትጠይቁ ሄዳችሁ «እንዴት ነህ?» ስትሉት፣ ጥርሱን ነክሶ «ተመስገን፣ ዛሬስ ደህና ነኝ» ይላችኋል። እናንተም ብርቱካናችሁን ራስጌው አስቀምጣችሁ፣ ተጽናንታችሁ ትወጣላችሁ። እሱ ማቃሰት የሚጀምረው የመጨረሻው ጠያቂ በሩን ሲያልፍ ነው። ጨዋነት ነው ካላችሁኝ እስማማለሁ፤ ግን አንድ ወዳጄን ምን እንዳደረገው ስሙኝ።

ወዳጄ ዘውገ ይባላል፤ የሕመም ማስታገስ ተመራማሪ ነው። ዛሬ ስሙን ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ፣ እግሩ ረግጧቸው በማያውቃቸው አገሮች ያሉ ምሁራን ጽሑፉን ስንት ጊዜ ዋቢ እንዳደረጉት ቁጥሩ ይወጣላችኋል። ጠዋት ስልኩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ያንን ቁጥር ነው። በአንድ ከጨመረ ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ይውላል። እኔ የሚናፍቀኝ ግን ማንም የማይጠቅሰው ዘውገ ነው።

ያኔ እሱ ከጎጃም፣ እኔ ከወልቂጤ መጥተን፣ ዲላ መናኸሪያ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እሱ ጀማሪ መምህር፣ እኔ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ። ዝናብ ሲወርድ ቆርቆሮው ስለማያነጋግረን ዝም ብለን እየተያየን እንስቃለን። እራታችን አብዛኛውን ጊዜ አቮካዶ በዳቦ ነበር። አሁን ሁለታችንም የየራሳችን ቤት አለን፤ አቮካዶው ግን እንደዚያን ጊዜ አይጥምም።

የመጀመሪያ ጥናቱ ቀላል ይመስል ነበር። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች «ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ይሆናል?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መጻፍ ነው። እኔም የእረፍት ቀኔን ሰውቼ ቅጹን ይዤ እከተለዋለሁ። ሳምንታት የዲላን ሆስፒታል ዞርን። መልሱ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንዳንዴ ደግሞ ዶክተሩ እንዳይከፋው አንድ። በእኛ ወረቀት መሠረት ጌዴኦ ውስጥ የሐኪም ቢላ አያምም ማለት ነው!

አንድ ቀን ወይዘሮ ማርታ ከሚባሉ፣ ከወርቃ ገጠር ከመጡ ቡና ገበሬ አልጋ ዘንድ ደረስን። የሰፈር ሰዎች ከበዋቸዋል። ዘውገ ጠየቃቸው። «ጌታ ይመስገን፣ ዜሮ» አሉ ፈገግ ብለው። ጻፍን። ጠያቂዎቹ ጸልየው ከወጡ በኋላ እኛም ልንሄድ ስንል፣ የዘውገን እጅ ለቀም አድርገው ያዙት።

«እነሱ ከወርቃ ድረስ መጥቷል፤ የቡና ለቀማ ትቶ መጥቷል። አመመኝ ብዬ እንዴት ላስለቅስ? አሁን ወጥቷል። አሁን ጠይቀኝ።»

ጠየቃቸው። «ዘጠኝ» አሉና እንባቸው ወረደ።

ዘውገም አለቀሰ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ማስታገሻ አሰጣቸው፤ ያንን ሁሉ ዜሮ ጥሎም ሥራውን እንደ አዲስ ጀመረ። ቅጹ አናት ላይ አንድ ሳጥን ጨመረ፦ «ጠያቂ ወጥቷል?» ባሕር ተሻግሮ ስሙን ያስጠራው ይኸው ሳጥን ነው። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ «ለተሳታፊዎች በሙሉ» የሚል ምስጋና አለ። ወይዘሮ ማርታ «በሙሉ» ከተባሉት አንዷ ናቸው።

ባለፈው ወር ታዲያ ዘውገ ራሱ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በማግስቱ ልጠይቀው ስሄድ የዕድሩ ሽማግሌዎች ክፍሉን ሞልተውታል። ድሮ ያስተማራት ነርስ ቅጽ ይዛ ገባች። የራሱ ቅጽ ነው! እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልቤ በኩራት ሞላ።

«ዶክተር፣ ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?»

«ተመስገን፣ ዜሮ» አለ የዓለሙ ምሁር።

ግንባሩን ላብ አጥምቆታል፤ አንሶላውን በጡጫው ጨምድዶ ይዟል። ነርሷ ዜሮ ጻፈች። ለዜሮ ደግሞ ማስታገሻ አይሰጥም። ጠጋ ብዬ ቅጹን ባየው፣ «ጠያቂ ወጥቷል?» የሚለው ሳጥን ውስጥ ቆንጆ ራይት ተደርጎበታል። ቀስ ብዬ፣ «የት ወጡ? ይኸው ተቀምጠው!» አልኳት።

«ታዲያ ጋሼ፣ ሽማግሌዎችን ውጡ ልበል እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ምን ይፈረድባታል? ስንት አገር የጠቀሰው ጽሑፍ፣ በተጻፈበት ከተማ አንድ የዕድር ሽማግሌ ከወንበሩ ማስነሳት አልቻለም። ዘውገን አየሁት። አየኝና ዓይኑን ወደ ጣሪያው መለሰ፤ ደራሲው ራሱ ይሉኝታ ይዞታል። እኔም ሃያ ዓመት ተማሪ ጸጥ ባሰኘሁበት ድምፅ «ጠያቂ ይውጣ!» አልኩ።

ወጡ። አንደኛው ሽማግሌ ግን በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «አንተም ስትታመም ጠያቂ አይምጣልህ!» ብለው ረገሙኝ። እስከ ዛሬም ገበያ ስንገናኝ ሰላም አይሉኝም።

በሩ ሲዘጋ ዘውገ አንሶላውን ለቀቀ። እንባው እየወረደ የነርሷን እጅ ለቀም አድርጎ ያዘ።

«አሁን ጠይቂኝ» አላት።