ለሰማይ ሪፖርት ማቅረብ

ሪፖርት ማቅረብ የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ ያለው የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ሎምበሶ እንደዚያ ናቸው። ድንኳናችን ተቀደደ ለማለት ሁለት ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ኮሮና መጥቶ ስብሰባ ሲከለከል እኛ አባላቱ እፎይ አልን፤ እሳቸው ግን ሪፖርቱ በሆዳቸው ተጠራቅሞ ሊታመሙ ደረሱ።

አንድ ቀን ብርድ ልብስ የምገዛበት ቻይናዊ ነጋዴ ስለ ጥንት ነገሥታታቸው አጫወተኝ። ዙፋኑን የሰጠው ሰማይ ነውና፣ ንጉሡ አገሩ ሰላም ሲሆንለት የተቀደሰው ተራራ ላይ ወጥቶ፣ መሥዋዕት አቅርቦ፣ «አደራህን ጠብቄያለሁ» ይል ነበር አሉ። ያልተሳካለት ንጉሥ ግን ለመውጣት ያፍራል። ታዲያ ይህን ለሊቀመንበራችን ሳልነግር እንዴት ያስችለኛል?

በማግስቱ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ማስካቸውን አጥልቀው፣ ከሰፈሩ ዳር ያለውን ኮረብታ ተያያዙት። እኔም ተከተልኳቸው። እኩሌታው ላይ ቆሙ።

«ምነው አቶ ሎምበሶ፣ ደከመዎት?»

«ታደለ ሆስፒታል ኦክስጅን ላይ ነው። አንድ አባል ጎድሎብኝ ምን ብዬ ልናገር?» ብለው ተመለሱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ታደለ ከሆስፒታል ወጣ፤ ከስቷል፣ ግን በእግሩ ይሄዳል። ያን ጊዜ አቶ ሎምበሶ ኮረብታው ጫፍ ደረሱ። እኔም ለሁለት ሰዓት የሚመች ድንጋይ ፈለግኩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ላይ አዩ።

«ሁላችንም አለን» አሉ። ከዚያ እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«አለቀ?» አልኳቸው፣ ገና በወጉ ሳልቀመጥ።

«ምን ቀረ?» አሉኝ።