ሦስት ስም ያለው ድንጉላ

«ጠባዩ ረጋ ያለ ነው» ሲሉኝ ወዲያው እጠረጥራለሁ። ረጋ ያለ ፍጡር ምስክር ምን ያደርግለታል? ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ በር ላይ ቆመው «ኧረ ግቢ፣ ምንም አይልም» የሚሉት ተናካሽ ውሻ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ይህን ጥርጣሬ ከሰው የተማርኩት እንዳይመስላችሁ። ያስተማሩኝ ፈረሶች ናቸው። ያውም ከሞቱ መቶ ምናምን ዓመት ያለፋቸው።

እንዴት መሰላችሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ባጣሁበት ዓመት አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ረዳት ይፈልጋሉ ተባልኩ። ሥራው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ቁጭ ብሎ፣ ካናዳ በእንግሊዞች ቅኝ ግዛት ሥር በነበረች ጊዜ የወጡ ጋዜጦችን በማይክሮፊልም እያዩ፣ ስለ ጎታች ፈረሶች የተጻፈውን ሁሉ መገልበጥ ነው። ሰው ሲያናግራት መጽሐፍ የምትገልጥ እንደ እኔ ዓይነት ልጅ ቶሮንቶን ብታስስ ከዚህ የተሻለ ሥራ አታገኝም።

ጎታች ፈረስ ስላችሁ የእኛን ፈረስ እንዳታስቡ። የእኛው ይጋለባል፤ ማረስ የበሬ ዕዳ ነው። የእነዚህ ሰኮና ሰሐን ያክላል፤ ደረታቸው ቁም ሣጥን ነው። ግንድ ይጎትታሉ፣ መሬት ያርሳሉ።

ታዲያ ከሁሉም የበዛው የድንጉላ ማስታወቂያ ነው። ድንጉላ ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ ነው። ፀደይ ሲመጣ ባለቤቱ ልጓሙን ይዞ ከመንደር መንደር ያዞረዋል። ሰኞ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ማክሰኞ የእንግዳ ማደሪያው ግቢ፣ ረቡዕ መንታ መንገዱ ላይ ካለው ቀጥቃጭ ዘንድ። ገበሬዎቹ ሴቷን ፈረስ፣ ባዝራቸውን፣ ይዘው ይጠብቁታል። ከዚያማ የታወቀ ነው። እኔ እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ብቻዬን ሆኜም ግራ ቀኙን አያለሁ።

ማስታወቂያው ቁመቱን ይነግራችኋል፤ ቀለሙን ይነግራችኋል፤ አባቱንና አያቱን፣ ከየት አገር በመርከብ እንደመጣ ይነግራችኋል። መጨረሻ ላይ «ጠባዩ ረጋ ያለ» ይላል። ሁሉም! በዚያ ዘመን አንድ እንኳ የሚራገጥ ፈረስ አልነበረም? በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። የእነዚህ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አባት እስከ አያት ቅድመ አያት ይቆጠርና እናት ላይ ሲደርስ ፊደሉ ያንሳል።

አንድ ቀን ሦስት ማስታወቂያ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። በአንዱ መንደር «ሳምሶን» የሚባል ድንጉላ አለ። በሌላው «ዱክ» አለ። በሦስተኛው «የስኮትላንድ ኩራት»። አባታቸው ይለያያል፤ የመጡበት መርከብም ይለያያል። ግን የሦስቱም የግራ ኋላ እግር እስከ ጉልበቱ ነጭ ነው፤ የሦስቱም ቀኝ ጆሮ ጫፉ ላይ ተሸርፏል። አንድ ፈረስ በሦስት ስም! ሮጬ ለፕሮፌሰሩ አሳየኋቸው። ከወንበራቸው ሊወድቁ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ቅጽሉን ተዪውና ምልክቱን እዪ» ሆነ ምክራቸው።

እኔ ግን የአንድ ሰው ቃል ብቻ አይበቃኝም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ተሰማን ጠየቅኋቸው። ጋሽ ተሰማ አገር ቤት የፈረስ ደላላ ነበሩ፤ እዚህ ጡረታ ወጥተው ደግሞ የማኅበረሰቡ ሽማግሌ ናቸው። ሳቁብኝ። «ይሄ ይደንቅሻል? እኛ ጋ የተሰረቀ ፈረስ ግንባሩን ጥላሸት ይቀቡና ለራሱ ለባለቤቱ መልሰው ይሸጡለታል!» አሉኝ። «ፈረስ በስሙ አይገዛም፣ ልጄ። ምልክቱን እዪ። አፉን ከፍተሽ ጥርሱን እዪ፤ ዕድሜው ያለው እዚያ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

በዚህ መሃል ነው እትዬ ዘነቡ የመጡብኝ። እትዬ ዘነቡ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ሆቴል ላውንደሪ ይሠራሉ፤ ፓርክዴል የሚባል የቶሮንቶ ሰፈር አብረን ነው የምንኖረው። አንድ ቀን ከሺፍት ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ ጀመሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ከዚያ ምድር ቤት መቼ ነው የምትወጪው? ዳዊት የሚባል ልጅ አግኝቼልሻለሁ። ኢንጂነር ነው። ዘለግ ያለ፣ ሲጋራ የማያውቅ፣ ከደህና ቤት የወጣ። ሰባት ቤት ቆጥሬያለሁ፣ አትገናኙም። ጠባዩም ረጋ ያለ ነው።»

መጽሐፌን ዘጋሁ። የት ነው ያነበብኩት ይህን?

ቅዳሜ ለሻይ መጣ። በእርግጥም ዘለግ ያለ ነው። ግራ ቅንድቡ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች። ከእኔ ያነሰ ይናገራል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እትዬ ዘነቡ ስኳር ሊያመጡ ሲነሱ ምን እያነበብሽ ነው አለኝ። ሰጠሁት። ገጹን እስከ መጨረሻው አንብቦ መለሰልኝ። ሰው ሁሉ ሽፋኑን አይቶ «ጎበዝ» ብሎ ነው የሚመልስልኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? ወደድኩት። እትዬ ዘነቡም ዓይኔን አይተው፣ ሽማግሌ ከሁለት ሳምንት በኋላ እሁድ ይላካል ብለው ቆረጡ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዲት የኢስት ዮርክ ሴትዮ ክንዴን ያዙኝ። ለኔ የሚሆን ልጅ አላቸው። ማሙሽ ይባላል፤ የመኪና ነጋዴ ነው። «ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ቢጤ አለችው፣ እሷ ግን ምንም አትል» አሉኝ። ማክሰኞ ደግሞ ሌላ ሴትዮ ከሬክስዴል ኮል አደረጉልኝ። እሳቸውም ልጅ አላቸው። ኃይለ ጊዮርጊስ ይባላል፤ አውሮፕላን ላይ ነው የሚሠራው፤ ቅንድቡን የተጎዳው ልጅ ሆኖ ወድቆ ነው።

ዳዊት፣ ማሙሽ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ። ሳምሶን፣ ዱክ፣ የስኮትላንድ ኩራት።

ቅዳሜ ፓርክዴል፣ እሁድ ኢስት ዮርክ፣ ማክሰኞ ሬክስዴል። ለእኔ ለብቻዬ ሦስቴ ከቀረበ ለከተማው ልጃገረድ ሁሉ ስንቴ ቀርቦ ይሆን? ለእትዬ ዘነቡ አልተናገርኩም። ብናገር «ደግሞ ከመጽሐፍሽ ነው?» ይሉኛል። ግን እሁድ እየቀረበ ነው። እሺ ካልኩ የማላውቀውን ሰው አገባለሁ። እምቢ ካልኩ ገጹን እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ሁለተኛ ከየት ይመጣል?

በዋዜማው ቅዳሜ ዶናት ቤት ቀጠርኩት። መናገር እንደማልችል ስለማውቅ የሦስቱን ማስታወቂያ ፎቶኮፒ ይዤ ሄድኩ። ከቡናው አጠገብ ደረደርኩለት። አነበበ። እንደ ልማዱ እስከ መጨረሻው።

«አንድ ፈረስ ነው» አለ።

«አዎ።»

«እኔ ነኝ?»

ቅንድቡን አየሁ። እጁን ጠባሳው ላይ አደረገ፤ ገባው።

«ማሙሽ የቤት ስሜ ነው። ኃይለ ጊዮርጊስ የክርስትና ስሜ ነው። ኢንጂነር አይደለሁም፤ ገና ኮሌጅ እየተማርኩ ነው። አንድ አሮጌ መኪና ጠግኜ ሸጫለሁ፤ እሷ ናት ንግዱ። አውሮፕላን ላይ ሳይሆን አውሮፕላን ሥር ነው የምሠራው። ሻንጣ እጭናለሁ።» ከዚያ «አንቺስ?» አለኝ።

«እኔ ምን?»

«ለእኔም ሦስት ልጅ ተነግሮኛል። አንዷ ሂሩት የምትባል፣ ፓርክዴል ያለች፣ የታሪክ ዶክተር። አንዷ ሚሚ የምትባል፣ ዶሮ ወጥ የሚያስመሰግናት። አንዷ ወለተ ማርያም የምትባል፣ ጠበቃ ለመሆን ትንሽ የቀራት። የሦስቱም አንገት ላይ ማርያም የሳመቻት አለ።»

እጄ ሳላዘው ወደ አንገቴ ሄደ። ቀኝ አንገቴ ላይ፣ ከጆሮዬ ዝቅ ብሎ፣ የቡና ፍሬ የምታክል ጥቁር ምልክት አለችኝ። ስሜ ሂሩት ነው። ቤት ሚሚ ይሉኛል። የክርስትና ስሜ ወለተ ማርያም ነው። ዶሮ ወጥ ሠርቼ አላውቅም።

«ሦስት ሰፈር የምትዞር ልጅ ምን ሆና ነው ብዬ ፈርቼ ነበር» አለ ወደ ቡናው እያየ። «ዛሬ የመጣሁት ይቅርብኝ ልልሽ ነው።»

«እኔም» አልኩት። ከዚያ ሁለታችንም ዶናታችንን በላን። ይቅርብኝ ግን አልተባባልንም።

ቤት ገብቼ እትዬ ዘነቡን ጠየቅኋቸው። ምንም አልደነገጡም። ለኢስት ዮርኳም ለሬክስዴሏም ጓደኛቸው «ለእህቴ ልጅ ሰው ፈልጉ» ብለው አደራ ያሉት ራሳቸው ናቸው። ሦስቱም ፈለጉ፣ ሦስቱም አንድ ሰው አገኙ፤ ሦስቱም ደግሞ ከእጃቸው ትንሽ ጨመሩ።

«ዶክተር ያልኩት ልትሆኚ አይደል?» አሉኝ። «እሱ አንድ፣ አንቺ አንድ፤ የለፋነው ሦስት። ጥፋቱ የት ላይ ነው?»

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው፤ ከፊት ጋሽ ተሰማ። ልጅቷ ትምጣ ተባለና ነጠላዬን እስከ አገጬ ተከናንቤ ጥግ ላይ ቆምኩ። እትዬ ዘነቡ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እንግዲህ ልጃችን ሂሩት ጠባይዋ ረጋ ያለ...» ብለው ሲጀምሩ ጋሽ ተሰማ መቋሚያቸውን አነሱ።

«ቆይ ቆይ፣ ዘነቡ። በዚህ ወር ለአንድ ወንድ ልጅ ሦስት ሰው ሽማግሌ ሁንልኝ ብሎኛል። አንዱ ሂሩት፣ አንዱ ሚሚ፣ አንዱ ወለተ ማርያም ይለኛል፤ ሦስቱም ግን አንገቷ ላይ ማርያም የሳመቻት አለ ይላሉ። እኔ የማውቀው ፈረስ ፈረስ የምትለኝን ይህችን ልጅ ነው። ዕድሜ ልኬን ፈረስ አገበያይቼ በመጨረሻ በሰው ልሸወድ? እስቲ ነጠላውን ገለጥ አድርጊው፣ ልጄ።»

እትዬ ዘነቡ ፊታቸው ተለዋወጠ። እኔ፣ ሰው ሲያየኝ ላብ የሚያጠምቀኝ ልጅ፣ ነጠላዬን ዝቅ አድርጌ አንገቴን አዘነበልኩ። ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን አደረጉ። ጠጋ ብለው አዩ።

«ምልክቷ ልክ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ሳምሶን ትዝ አለኝ። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ፣ ገበሬ ሁሉ እግሩን እያነሳ ሲያየው። አልቻልኩም፤ በሕይወቴ እንደዚያ አፌን ከፍቼ ስቄ አላውቅም።

ጋሽ ተሰማ ሳይስቁ ጎንበስ ብለው አፌን ተመለከቱ።

«ጥርሷም ሙሉ ነው» አሉ ለጓደኞቻቸው። «በሉ እንቀጥል።»