የልጄ ድረ ገጽ አንባቢ

የሥራ መሣሪያ ሲመርጥ ሥራውን የሚረሳ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ወልጃለሁ። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ልጄ ፎዚያ ጅቡቲ ከተማ ዳር ስላለው የባልባላ ሰፈር ውሃ ያጠናችውን ኢንተርኔት ላይ ልታወጣ ፈልጋ፣ ድረ ገጽ መሥሪያ ስትመርጥ ረመዳን ገብቶ ወጣ። አንዱ ያምራል፣ አንዱ ይራቀቃል፣ አንዱ ደረቅ ነው። ሙሽራ መምረጥ እንኳ ይህን ያህል ይፈጃል እንዴ?

ከውጭ አገር ለጉባኤ ሊጋብዟት ያሰቡ ምሁራን «ገጽሽን እስከ ዓርብ አሳዪን» አሏት። ሐሙስ ዕለት ካርቲየ 3 ሰፈር ወዳለው የልብስ ስፌት ሱቄ ዓይኗ ቀልቶ መጣች።

«አባባ፣ የቱ ይሻላል?»

«እኔ ምን አውቄ! ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት ግን ማን እንደሚለብሰው እጠይቃለሁ። ያንቺን ማን ያነበዋል?»

«ውሃውን የሚቀዱት የባልባላ ሰዎች ቢያነቡት ደስ ይለኛል።»

«እንግዲያው በሦስቱም የሞከርሻቸውን በእኔ ስልክ ክፈቻቸው።»

መስታወቱ በተሰነጠቀው ስልኬ ሁለቱ ሲሽከረከሩ ቀሩ፤ ደረቁ ወዲያው ተከፈተ። በዚያው ሠራችው፤ ተጋበዘችም።

አሁን «አባባ፣ ከጅቡቲ በየቀኑ ሳያጓድል የሚገባ አንድ አንባቢ አለኝ!» እያለች ትኮራለች። ገጹ በፈረንሳይኛ ነው፤ ፈረንሳይኛ እንደማላነብ ስለምታውቅ እኔን አትጠረጥርም። እኔም መርፌዬ ውስጥ ክር አስገባለሁ።