በሰማይ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን

አንባቢ ሆይ፣ በገዛ ሆዱ ላይ የሚፈርድ ዳኛ ገጥሞዎት ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ከአዲስ አበባ ለንደን በሚበር አውሮፕላን ውስጥ። ለጉባኤ የሚሄዱት የቡሬው መሪጌታ ከጎኔ ተቀምጠዋል። ወቅቱ ሁዳዴ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ።

«የኔታ፣ ዘጠኝ ሆኗል፤ ይቅመሱ እንጂ» አልኳቸው ሰዓቴን አይቼ።

በመስኮቱ ተመለከቱ። «ሰዓትሽ አዲስ አበባ ቀርቷል፣ ልጄ። ወደ ምዕራብ ስንበር ፀሐይዋም አብራን እየሄደች ነው፤ ገና አላዘቀዘቀችም» አሉኝ። ሆዳቸው ይጮኻል።

ስንመለስም አብረን ነበርን። ወደ ምሥራቅ ስንበር ፀሐይዋ ቸኩላ አዘቀዘቀች።

«እንግዲህ ዛሬ ፀሐይ ራሷ ፈቀደችልዎት!» አልኳቸው ደስ ብሎኝ።

ለንደን ላይ ያስተካከልኩትን ሰዓቴን አዩ። «ጾሙን የጀመርኩት በለንደን ሰዓት ነው፤ ይኸው፣ ገና ሰባት ይላል።»

ሲሄዱ ፀሐይን፣ ሲመለሱ ሰዓትን አመኑ፤ የሆዳቸውን ምስክርነት ግን በሁለቱም መንገድ አልተቀበሉም።